ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚለቅ የሮል ቅጥያ፦ ጥፋቱ የእጃችን ነው ወይስ የቴፑ?

ሮል_ድሬ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20)

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የካርቶን ፋብሪካ ኮሩጌተር (ሞገዳማ ካርቶን የሚሠራው ማሽን) ላይ ነው የምሠራው። አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ነገሩን ብቻዬን ሳወጣ ሳወርድ ሁለት ሳምንት ስለሞላኝ በዝርዝር ልጻፍላችሁ።

ማሽናችን አሮጌ ነው። ሮል ሲያልቅ ራሱ የሚቀጥል መሣሪያ የለውም፤ ቅጥያ እስኪሠራ ወረቀት አጠራቅሞ የሚያቆይ ነገርም የለውም። ስለዚህ ሮሉ ሊያልቅ ሲል ፍጥነት እንቀንስና እናቆማለን። ከዚያ የአሮጌውን ጭራ ቆርጠን፣ የአዲሱን ጫፍ በደብል ቴፕ ደርበን ለጥፈን እንነሳለን። ቴፑ ባለ 50 ሚሊ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ነው የሚለጠፈው። የላይነሩ (የካርቶኑ የፊት ወረቀት) ስፋት 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ በካሬ ሜትር 150 ግራም ነው።

ጠዋት ስንቀጥል ችግር የለም። ከሰዓት ግን፣ በተለይ ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ቅጥያው ይለቃል። ባለፈው ሳምንት ብቻ አምስት ጊዜ ለቀቀ። በለቀቀ ቁጥር ፕሪሂተሩ (ወረቀቱን የሚያሞቀው ሲሊንደር) ላይ የቀረው ወረቀት ደርቆ ይጣላል፣ አዲሱን እንደገና በየሮለሩ ማሳለፍ አለ፤ ግማሽ ሰዓት እንዲሁ ይሄዳል። አሁን ደግሞ "የሽፍቱ ግድየለሽነት ነው" ተብሎ የባከነው ወረቀት ከደመወዛችን ሊቆረጥ ነው የሚል ወሬ ተነሥቷል። ረዳቴ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቷል።

ሰውም ቴፑም ያው ሆኖ ጠዋት ይዞ ከሰዓት የሚለቀው ለምንድን ነው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሳቢያን_ሽፍት2 (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:48)

አቦ አይዞህ ወንድሜ! ይሄማ የድሬ ሙቀት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል። ወላሂ ከሰዓት ቆርቆሮው ሥር ስንቆም እኛም እንቀልጣለን፣ ቴፕ ምን ያድርግ። እኛ ሁለት መስመር ነው የምንለጥፈው፣ አንዱን ካንዱ አጠገብ። ቴፕ ጨምርበት፣ ትገላገላለህ።

ከተር_ይዤ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05)

እኔ ገና ስድስት ወሬ ነው፣ ግን እኛ ጋ ደብል ቴፕ ሲያልቅ በካርቶን ማሸጊያው ቡናማ ፕላስተር ከላይ እንመታበታለን። ይይዛል። ለምን አትሞክረውም?

ሽማግሌው_ቴክኒሻን (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:15)

ልጄ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ልጠይቅህ። የለቀቀው ቅጥያ የት ቦታ ሲደርስ ነው የሚለቀው? ከፕሪሂተሩ በፊት ነው ወይስ እዚያ ሲደርስ? የተለያዩትን ሁለት ጫፎች ይዘሃል? ካልያዝክ ከዛሬ ጀምሮ አትጣል። ቴፑ ፊት ላይ የወረቀት ጭረት (ከወረቀቱ የተነቀለ ቃጫ) ተነሥቶ ይታያል? ወይስ ንጹሕ ሆኖ ተላቋል? ወይስ ማጣበቂያው ራሱ ለሁለት ተከፍሎ እንደ ማር ተስቧል? ደግሞም ቴፑን የት ነው የምታስቀምጡት? አዲሱ ሮል ልባሱ የሚገፈፈውስ በስንት ሰዓት ነው?

ሠላሳ ዓመት ከሮል ጋር ኖሬአለሁ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የለቀቀ ቅጥያ ራሱ ይናገራል። ሰው ግን ይበሳጭና ጨምድዶ ቆሻሻ ውስጥ ይጥለዋል።

ሮል_ድሬ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:30)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሁለት ጊዜ ለቀቀ፣ ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ። በፀሐይ ብርሃን አይቼ ነው የምጽፍልዎ።

አንደኛው ከፕሪሂተሩ በፊት፣ ገና ስንነሳ ነው የለቀቀው። ቴፑ በአሮጌው ጭራ ላይ በደንብ ይዟል። በአዲሱ ሮል በኩል ያለው ፊት ግን ንጹሕ ነው፤ የወረቀት ጭረት የለውም፣ በጣቴ ስነካው ዱቄት የመሰለ ነገር ተጣብቆበታል። ሁለተኛው እንደዚያ አይደለም። ፕሪሂተሩ ላይ ግማሽ ዙር ከሄደ በኋላ ነው የተንሸራተተው። ማጣበቂያው በሁለቱም ወረቀቶች ላይ አለ፣ እንደ ማስቲካ ተስቧል።

ቴፑን የምናስቀምጠው ለእጅ እንዲቀርበን ብለን ከፕሪሂተሩ ጎን ያለው ብረት መደርደሪያ ላይ ነው። ሮሎቹን ደግሞ ከሰዓት ሥራው እንዳይቆም ብለን ምሳ ሰዓት ላይ ልባሳቸውን ገፈን ከበሩ አጠገብ እንደረድራለን። በሩ ክፍት ነው፣ መኪና የሚጭነው በዚያ ነው።

ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ ራሴም አንድ ነገር ጠረጠርኩ።

ሽማግሌው_ቴክኒሻን (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:00)

የጠረጠርከው ልክ ነው። አንድ በሽታ ብቻ አይደለም ያለብህ፣ ሁለት ነው። ለዚህም ነው ግራ የገባህ፤ አንዱን ስታክም ሌላው ይቀጥላል፣ ከዚያ መድኃኒቱ አልሠራም ትላለህ።

ስለ ንጹሑ እንጀምር። እንዲህ ያለ ቴፕ እንደ ኮላ አይደርቅም። የሚይዘው በጫና ነው። ማጣበቂያው ወፍራም ፈሳሽ ነው ብለህ ቁጠረው፤ ስትጫነው በወረቀቱ ጭረቶች መካከል ይገባል፣ ጊዜ ስትሰጠው ደግሞ የበለጠ ይሰርጋል። ካልተጫነ ከላይ ከላይ ብቻ ይነካና ይቀራል። በመካከሉ አቧራ ካለማ ቴፑ የያዘው አቧራውን ነው፣ ወረቀቱን አይደለም። የናንተ ሮል ከምሳ ሰዓት ጀምሮ በክፍት በር አጠገብ ራቁቱን ቆሟል። የድሬን የከሰዓት ነፋስ ታውቀዋለህ፣ ከደቻቱ አሸዋ እየዘገነ ነው የሚመጣው። ጠዋት የምትቀጥሉት ሮል ግን አሁን የተገፈፈ ነው። ጠዋት ይዞ ከሰዓት የሚለቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ልባሱን የምትገፉት ማሽኑ ሊቆም ሩብ ሰዓት ሲቀረው ይሁን። ከገፈፋችሁ በኋላም ከላይ ያሉትን ሁለት ሦስት ዙሮች ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ፎርክሊፍት የነካው ጠባሳ ካለ እስኪጠፋ ድረስ። "ወረቀት ባከነ" የሚል ካለ፣ በአንድ የለቀቀ ቅጥያ ስንት ሜትር እንደሚጣል ለክታችሁ አሳዩት። የሚለጠፍበትን ቦታ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ከኮምፕረሰር አየር አትንፉበት፤ ዘይትና ውሃ ይዞ ይመጣል።

ከዚያ መጫን ነው። በመዳፍ ማሸት አይበቃም፤ እጅ መሐሉን ይጫንና ዳሩን ይዘልላል። ጠንካራ የጎማ ሮለር ይኑራችሁ፣ የእጅ ስፋት ያህል ይበቃል። ከመሐል ወደ ዳር ሁለት ጊዜ፣ ባለ በሌለ ጉልበታችሁ። ፕሪሂተሩ ላይ ያለው ወረቀት እንዳያርር እንደምትቸኩሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ይቺ ሠላሳ ሴኮንድ ናት ቅጥያውን የምትይዘው።

እንደ ማስቲካ የተሳበው ሌላ ነገር ነው። እሱ በደንብ ተለጥፎ ነበር፤ የተሸነፈው የማጣበቂያው የውስጥ ጥንካሬ ነው። ይህ የሙቀት ምልክት ነው። የፕሪሂተርና የፍሉቲንግ (ሞገድ የሚይዘው የመሐሉ ወረቀት) ሮለር ፊት ከ160 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ሁሉም ቴፕ ይህን አይችልም። በዚያ ላይ ቴፑን ከነጥቅሉ ቀኑን ሙሉ ከጎኑ ስታሞቁት ትውላላችሁ። ብዙ አምራቾች ቴፕ በ21 ዲግሪና በ50 በመቶ እርጥበት ይቀመጥ ይላሉ። የናንተ መደርደሪያ ላይ ቴርሞሜትር አኑርና የሚያሳይህን ጻፍልን።

ሳቢያን_ሽፍት2 (ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:40)

ጋሼ ይቅርታዎን፣ ታዲያ ሁለት መስመር ቢለጥፍ ምን ይጎዳል? እኛ እኮ ስንጨምር ጥሩ ይይዝልናል።

ሽማግሌው_ቴክኒሻን (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30)

ጥያቄህ ደግ ነው፣ በሂሳብ እንየው። ስፋቱ 160 ሴንቲ፣ ቴፑ 5 ሴንቲ ነው፤ የተለጠፈው ቦታ 800 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቴንሽኑን (ወረቀቱ የሚወጠርበትን ኃይል) ለአንድ ሜትር ስፋት 300 ኒውተን ብለን እንያዝ። በጠቅላላው 480 ኒውተን ማለት ነው፣ 50 ኪሎ የማይሞላ ክብደት። ለ800 አካፍለው። እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ የሚሸከመው 60 ግራም ገደማ ነው። ይህን ሸክም ንጹሕ ወረቀት ላይ የተጫነ ማንኛውም ደህና ቴፕ ይችለዋል። ስለዚህ ቴፑ አንሶ አይደለም የሚለቀው።

ቁስል ላይ የተለጠፈ ፕላስተር አስብ። በቆዳው አቅጣጫ ብትጎትተው አይለቅም፣ ቆዳውን ይዞት ይሄዳል። አንዱን ጥግ ብድግ አድርገህ ስትስበው ግን ተልጦ ይነሳል። ቅጥያም እንዲሁ ነው። በወረቀቱ አቅጣጫ ሲጎተት ብርቱ ነው፣ ከጫፉ ሲላጥ ደካማ። ብዙ ቅጥያ የሚለቀው ተጎትቶ ሳይሆን ተልጦ ነው። የሚላጠውም የአዲሱ ወረቀት ጫፍ ከቴፑ አልፎ ሲንጠለጠል፣ ሮለር ወይም መሪ ብረት ላይ ሲነካካ ነው። አንድ ሴንቲ እንኳ ነጻ ምላስ አትተዉ። ቴፑን ከአዲሱ ወረቀት ጫፍ ጋር እኩል አድርጋችሁ ለጥፉ። ከታች የሚቀረውን የአሮጌውን ጭራም አጭር አድርጋችሁ ቁረጡት።

በሁለቱ ጎኖች ግን ቴፑ ከወረቀቱ ዳር 2 ወይም 3 ሚሊ ገባ ብሎ ይቅር። ከወጣ ሮለር ላይ ይጣበቃል። በጣም ከገባ ደግሞ ጥጉ ይነሳና መላጡ ከዚያ ይጀምራል።

አንተ ሁለት መስመር ስትለጥፍ የሚይዝልህ፣ ሁለተኛው መስመር ያንን የተንጠለጠለ ምላስ ስለሚሸፍንልህ ይመስለኛል። ግን ቅጥያህ ወፍራምና ደንዳና ይሆናል፣ ፍሉቲንግ ላይ ደግሞ ይሄ ራሱን የቻለ ችግር ነው።

ኳሊቲዋ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:15)

ስለ ቡናማው ፕላስተር ልናገር፣ እባክህ ከተር_ይዤ ስማኝ ወንድሜ። ያ ፕላስተር ፕላስቲክ ነው። የኮሩጌተር ሙቀት ሲያገኘው ይኮማተራል፣ ሆትፕሌት (ካርቶኑ የሚደርቅበት ትኩስ ብረት) ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ የሚያልፈውን ወረቀት ሁሉ እየጫረ ይቆያል፤ ይህን በዓይኔ አይቼ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ስጥል ውያለሁ። ሌላው ነገር ዌስቱ ነው። የኛ ቁርጥራጭ ተሰብስቦ ተመልሶ ወረቀት ይሆናል። ፕላስቲኩና ተራው ማጣበቂያ በውሃ አይሟሙም፣ ፐልፑ (ወረቀት የሚሠራበት ሊጥ) ውስጥ እየተንከባለሉ የሚያጣብቅ ነጠብጣብ ይሆናሉ። ያ ነጠብጣብ የገባበት ወረቀት ተጠቅልሎ ተመልሶ ወደኛው ይመጣል፣ ሮሉ ውስጥ ንብርብሩ ይጣበቅና ይቀደዳል። ከፐልፕ ጋር የሚሟሟ የወረቀት ቅጥያ ቴፕ ለብቻው አለ፣ እሱን ጠይቁ።

ለቀለም ቀቢዎች የተሠራው ሸብሸብ ያለ ማስኪንግ ቴፕም አይሆንም። ሲጎተት ይለጠጣል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ሮል_ድሬ ብዙ ስላላነሳው ነው። ሮሎቹ የሚመጡት በጅቡቲ በኩል ነው፣ ከባሕር ዳርቻ እርጥበት ወጥተው ድሬ ደረቅ አየር ውስጥ ይገባሉ። ወረቀት እርጥበት ሲያጣ ይኮማተራል፣ መጀመሪያ የሚደርቀው ደግሞ ዳሩ ነው። ልባሱ ተገፎ የቆየ ሮል ዳሩ ጠበቅ፣ መሐሉ ላላ ይላል። ስለዚህ ቴንሽኑ ስፋቱን ሙሉ እኩል አይከፋፈልም፣ ዳርና ዳር ላይ ይከማቻል። ጋሼ ያሉት ጥግ የሚነሳውም እዚያው ነው። ልባሱ ለአቧራ ብቻ አይደለም የተሠራው። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ወረቀት ስንፈትሽ በ23 ዲግሪና በ50 በመቶ እርጥበት አቆይተን ነው፤ እናንተ በር አጠገብ ያለው አየር ከዚህ ምን ያህል እንደሚርቅ አስቡት።

ስቶር_ለገሃር (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:00)

እኔ ስቶር ኪፐር ነኝ፣ ማሽን አላውቅም። ግን ወንድሜ፣ የግዥ መጠየቂያው ላይ ምን ብለህ ነው የምትጽፈው? እኛ ጋ የሚመጣልን "ደብል ቴፕ 50 ሚሊ" የሚል ብቻ ነው። ግዥ ደግሞ ሦስት ዋጋ ይሰበስብና ርካሹን ያመጣል። ባለፈው የመጣው የምንጣፍ መለጠፊያ ነበር፣ ለወረቀት የተሠራ አይደለም። ስፋቱ 50 ሚሊ ስለሆነ "ልክ ነው" ተብሎ ገባ።

ሮል_ድሬ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 7:10)

ስቶር_ለገሃር፣ አንተ የጻፍከውን አንብቤ ጠዋት ስቶር ሮጥኩ። አሁን የምንጠቀመው ቴፕ የመጣው ከአንድ ወር በፊት ነው። የድሮው ካርቶኑ ላይ ሙቀት የሚቋቋም የወረቀት ቅጥያ መሆኑ ተጽፎበታል፣ የአሁኑ ላይ ስፋትና ርዝመት ብቻ ነው ያለው። መጠየቂያውን የሞላሁት እኔ ነኝ። የጻፍኩትም ያው "ደብል ቴፕ 50 ሚሊ" ነው።

ትናንት መደርደሪያው ላይ ቴርሞሜትር አስቀምጬ ነበር። በ8 ሰዓት 47 ዲግሪ አሳየኝ።

ልቤ ተሰብሯል። ረዳቴን ስቆጣው ነበር።

ሳቢያን_ሽፍት2 (ሐሙስ፣ ከቀኑ 7:35)

አቦ ተው፣ ዛሬ ማታ ሄደህ ሆጃ ጋብዘው፣ ያልፋል። ማንኛችን ነን ከዚህ በላይ የምንጽፈው።

ሽማግሌው_ቴክኒሻን (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:00)

አይዞህ። አሁን በቃል ክርክር አትግባ፣ በዓይን የሚታይ ነገር ሠርተህ አሳያቸው።

ከላይነሩ 5 ሴንቲ ስፋት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ቁረጥ። ጫፋቸውን 5 ሴንቲ ደርበህ በአሁኑ ቴፕ ለጥፍ፣ በሮለር ተጫን። በድሮው ቴፕም ሌላ እንደዚያው ሥራ፣ ጥቂት ጥቅል ከቀረ። ሁለቱን ቅጥያዎች ሙቀቱ ካለበት አጠገብ፣ ማንም በማይነካው ቦታ ስቀል። ከታች ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተህ አንጠልጥል። ለ5 ሴንቲ ስፋት በ300 ኒውተን ሂሳብ የሚደርሰው 15 ኒውተን ነው፤ 2 ሊትር ውሃ 20 ገደማ ነው፣ ትንሽ ይበልጣል። የትኛው በስንት ደቂቃ እንደወደቀ ጻፍ። ሦስት ሦስት ጊዜ ድገመው፣ አንዴ ብቻ ከሆነ "አጋጣሚ ነው" ይሉሃል።

ሌላው ብሬኩ ነው። የብሬኩ ኃይል ሳይለወጥ ሮሉ እያነሰ ሲሄድ ቴንሽኑ ይጨምራል፣ ምክንያቱም ያው ጉልበት በትንሽ ራዲየስ ላይ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሮሉ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ብሬኩን ረገብ አድርጉት። አዲሱ ሮል ደግሞ ከ1 ቶን በላይ ነው፣ ከቆመበት ለማንቀሳቀስ ይከብዳል። ማሽኑን ገፋ ስታደርጉት የሚንገጫገጨው ቅጥያው ላይ ነው። ስትነሱ ሮሉን የሚገፋለት ሰው ካለ አንድ ሩብ ዙር ወረቀት አላልቶ ይስጠው፤ ከዚያ ቅጥያው ፕሪሂተሩን እስኪያልፍ በዝግታ ሂዱ።

ሐረር_ህትመት (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:20)

ከሐረር ሰላም። እኛ የደረሰኝ ወረቀት ነው ከትልቅ ሮል ወደ ትንሽ የምንጠቀልለው፣ ስለዚህ ሙቀት የለብንም። ጎን ለጎን ገጥመን በአንድ ፊት ቴፕ ነው የምንቀጥለው፣ ተደራቢ አንወድም፤ ውፍረቱ በጥቅሉ ላይ ይታወቃል። የኔ ምክር አንድ ብቻ ነው፣ ቴፑ ቀለም ይኑረው። ቀይ ወይም ሰማያዊ። ግልጹን ስንጠቀም ቅጥያው ሳይታይ ደንበኛ ጋ ደርሶ ስንት ጊዜ ተመልሶብናል። ከጎን ደግሞ ትንሽ ባንዲራ ወረቀት አስገቡበት፣ ጥቅሉን የሚያየው ሁሉ ቅጥያ እንዳለበት ይወቅ።

ኳሊቲዋ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:50)

ይሄ ለካርቶንም ይሠራል! ቅጥያ ያለበትን ቦርድ ለይተን የምንጥለው ቀለሙን አይተን ነው።

ከተር_ይዤ (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3:30)

ስለ ፕላስተሩ ገብቶኛል፣ ለፎርማናችንም ነገርኩት። ግን ሁላችሁም ማሽኑን አቁማችሁ ነው የምትቀጥሉት? እኛ ጋ ጎበዝ የሚባለው ሳያቆም፣ በዝግታ እየሄደ በእጁ ለጥፎ የሚነሳው ነው። እኔም እየተለማመድኩ ነው።

ሽማግሌው_ቴክኒሻን (ዓርብ፣ ከቀኑ 6:10)

ልጄ፣ አትለማመደው። ይህን ስጽፍልህ እንደ አባት ቆጥረኝ።

እየሄደ የሚቀጥል ማሽን አለ፣ ለጋዜጣ ማተሚያም ለአዳዲስ ኮሩጌተርም። እነዚያ ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ወረቀት አጠራቅመው ይይዙና ሮሉን አቁመው ይቀጥላሉ። በሩጫ የሚቀጥሉት ደግሞ አዲሱን ሮል አስቀድመው በማሽከርከር የፊቱን ፍጥነት ከአሮጌው ወረቀት ጋር እኩል ያደርጉታል፤ ከዚያ በራሳቸው ብሩሽ ወይም ሮለር ይጫናሉ፣ በራሳቸው ቢላ ይቆርጣሉ። የሰው እጅ እዚያ የለም። ሰው ቴፑን የሚያዘጋጀው ሮሉ ቆሞ ሳለ ነው።

የእናንተ ማሽን እንዲህ ካልሆነ ሁለት ሮለር በሚገናኙበት አፍ አጠገብ እጅ አይቅረብ። በዝግታ ይሄዳል ብለህ አትመን። በደቂቃ 10 ሜትር የምትለው በሴኮንድ 17 ሴንቲ ገደማ ነው፣ መዳፍህ በአንድ ሴኮንድ ይገባል። አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬ የቀኝ እጁን ሁለት ጣት እንዲህ ባለ "ዝግታ" ነው ያጣው። ቴፕ የተጣበቀ ጣት ቶሎ አይነሳም፣ ጓንት ደግሞ ይባስ ይጎትታል። አቁም፣ ማብሪያውን ቆልፍ፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት፣ ከዚያ ለጥፍ። ጎበዝ የሚሉህ ያን ቀን ሆስፒታል አይመላለሱልህም።

ከተር_ይዤ (ዓርብ፣ ከቀኑ 6:25)

እሺ ጋሼ። አቆማለሁ።

ሮል_ድሬ (ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10:00)

ይቅርታ ቆየሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

የሃይላንዱን ሙከራ ሠራሁ። ከድሮው ቴፕ ስቶር ውስጥ ሁለት ጥቅል ተገኘ። የአሁኑ ቴፕ ሦስቱም ጊዜ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ተንሸራትቶ ወደቀ። የድሮው እስከ ሽፍት መጨረሻ ተንጠልጥሎ ዋለ፣ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ፎርማኑን ጠራሁት፣ እሱ ኃላፊውን ጠራ። ሦስታችን ቆመን ጠርሙሱ ሲወድቅ አየን። ብዙ አልተነጋገርንም።

አዲስ መጠየቂያ ሞላን፤ ለክራፍትና ለቴስት ላይነር (የላይነር ዓይነቶች ናቸው) ቅጥያ፣ ፕሪሂተር ሙቀት የሚቋቋም፣ በፐልፕ የሚሟሟ፣ ስፋት 50 ሚሊ፣ ባለ ቀለም፣ የተመረተበት ቀን የተጻፈበት። እስኪመጣ ድረስ በሁለቱ ጥቅል እየቆጠብን ነው የምንሠራው። ቴፑን አሁን ኳሊቲ ክፍል ኤሲ ያለበት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የምናስቀምጠው፣ ለሽፍት የሚበቃውን ብቻ እናወጣለን። ሮል ከበር አራቅን፣ ልባሱን ሊጫን ሲል ብቻ እንገፋለን። የጎማ ሮለሩን ከድሮ ማተሚያ ሮለር ቁራጭ ሜንቴናንስ ሠራልን፣ ሁለት እጀታ አለው።

በሁለት ሳምንት የለቀቀ ቅጥያ አንድ ብቻ ነው። እሱም አልለቀቀም፤ ቴፑ አጠገብ ወረቀቱ ራሱ ከዳር ተቀደደ። ጫፎቹን ይዤአቸዋለሁ። ቴፑ ላይ የወረቀት ጭረት ሞልቷል፣ በደንብ ይዞ ነበር።

የደመወዙ ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። "ቀርቷል" ያለንም የለም። ረዳቴን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ጋሼ፣ ያ ከዳር የተቀደደው ከምንድን ነው?

ሽማግሌው_ቴክኒሻን (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12:40)

የተቀደደበትን ዳር በደንብ እየው። የከተር ጭረት አለው? ጭራውን ስትቆርጡ ቢላው ዳር ሲደርስ ወደ ጎን ይንሸራተትና ወረቀቱን ትንሽ ይጭራል። በቀላሉ ልብ የማይባል 2 ሚሊ ጭረት ይበቃል፣ ቴንሽኑ ሁሉ እዚያ ይሰበሰብና ከዚያ ይቀደዳል። የደነዘዘ ከተር ደግሞ አይቆርጥም፣ ይገነጥላል።

ሮል_ድሬ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:05)

አለው ጋሼ። በግራ በኩል፣ የጥፍር ያህል። ምላጩን ስንት ጊዜ እንቀይር?

ሽማግሌው_ቴክኒሻን (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:20)

በየሽፍቱ መጀመሪያ አንድ ጫፍ ስበሩ፣ የተሰበረውንም ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅሙት፣ ወለል ላይ አይቅር። ስትቆርጡ የብረት ማስመሪያ ከሥሩ አድርጉ፤ ከሁለቱም ዳር ወደ መሐል ቁረጡ እንጂ ከመሐል ወደ ዳር አታውጡ። ቢላው ዳር ላይ የሚንሸራተተው እያወጣችሁት ነው።

ሮል_ድሬ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:24)

ሰኞ ጠዋት የኛ ሽፍት ነው። ማስመሪያውን ነገ ከታይዋን ገበያ ገዝቼ እገባለሁ።